ስድስት ሳምንትና አንድ ጥቁር ጫማ

አንባቢዬ ሆይ፤ እግር እንዳለዎት የሚያስታውሱት መቼ ነው? እኔ እንደሆንሁ 30 ዓመት ሙሉ ስቆምባቸው ስኖር አንድ ቀን እንኳ አስቤያቸው አላውቅም ነበር። ኋላ ግን የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ወደ ጎረቤቱ ጣት እያዘነበለ፣ በሥሩ ያለው አጥንት እንደ ጉብታ ወደ ውጭ እየወጣ መጣና፣ ጫማ ባጠለቅሁ ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀር ጀመር። በ2016 ዓ.ም. በበጋው ወራት የአጥንት ሐኪም ዘንድ ቀረብሁ። ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ተመለከቱና «አጥንቱን ቆርጠን ወደ ቦታው እንመልሰዋለን፤ ከዚያም በብሎን እናስረዋለን» አሉኝ። አነጋገራቸው ስለ በር እንጂ ስለ ሰው እግር አይመስልም ነበር።

ስለ ቀዶ ሕክምናው የምለው ብዙ የለኝም። ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ፤ የመሣሪያ ድምፅ ሰማሁ፤ አለቀ። ታሪኩ የሚጀምረው ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ከሆስፒታል ስወጣ የተሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነበር። የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት እግሬን በትራስ ላይ ከልቤ ከፍ አድርጌ እንድተኛ፤ ስነሣም ሶሉ እንደ ሳንቃ የማይታጠፍ አንድ አስቀያሚ ጫማ አጥልቄ፣ በክራንች እየተደገፍሁ በተረከዜ ብቻ እንድረግጥ፤ ይህንም ስድስት ሳምንት እንድጠብቅ። ሲጋራ የአጥንትን መጋጠም ስለሚያዘገይ አጠገቡ እንዳልደርስ አስጠነቀቁኝ። ባቴ ድንገት ቢያብጥና ቢያመኝ፣ ወይም ትንፋሽ ቢያጥረኝ፣ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና ሳላድር እንድመጣ ነገሩኝ። የደረጃውን ሕግ ያስተማረችኝ ግን ነርሷ ናት፤ ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል፣ ሲወርዱ የታመመው። ይህን ሕግ ገልብጦ የሞከረ ሰው ሁለተኛ አይረሳውም።

ለምን ስድስት ሳምንት ሆነ ቢሉ፣ በአንድ እግር ውስጥ ካሉት 26 አጥንቶች መካከል ስንራመድ መሬትን ገፍተው ወደ ፊት የሚሰዱን በተለይ የአውራ ጣቱ መስመር አጥንቶች ናቸው። ገና ሳይጋጠሙ ሸክም ከጫኑባቸው ከተቀመጡበት ይንሸራተታሉ። ተንኮሉ ታዲያ እዚህ ላይ ነው፤ ቆዳው ቀድሞ ይድናል። በሁለት ሳምንት ስፌቱ ወጣልኝ፤ ሕመሙም ጋብ አለ። ያን ጊዜ ሰው የዳነ ይመስለዋል።

ጠያቂዎቼም ይህንኑ ይመሰክሩልኝ ነበር። መቸም በአገራችን በሽተኛ ያለ ምክር አይተኛም። አጎቴ ወጌሻ ይዘው መጡና «በቅቤ ካልታሸ» ብለው ግድ አሉ። ወጌሻን የምንቅ ሰው አይደለሁም፤ ወለምታዬን ሁለት ጊዜ አቅንተውልኛል። ነገር ግን ተቆርጦ በብሎን የታሰረን አጥንት ማሸት ያልደረቀ የጭቃ ግድግዳ እንደ መግፋት ስለሆነ፣ ለምኜ መለስኋቸው። ከመሥሪያ ቤት የመጣ ባልደረባዬ ደግሞ ከራስጌዬ ቆሞ አበበ ቢቂላን ጠቀሰብኝ። «ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና አስወጥቶ፣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ማራቶን አሸንፏል፤ አንተ ለአንዲት ጣት ወር ትተኛለህ?» አለኝ። ታሪኩ እውነት ነው፤ በ1957 ዓ.ም. መስከረም ላይ ታክሞ ጥቅምት ላይ አሸነፈ። ግን አበበ የሮጠው በአንጀቱ አልነበረም። ይህ መልስ ትዝ ያለኝ ሰውዬው ከሄደ በኋላ መሆኑ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ምክር ያልሰጡኝ አንዲት ጎረቤታችን ብቻ ነበሩ። የሰፈሩ ልጆች ሁሉ «እትዬ» የምንላቸው፣ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ እናት ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ስማር ገንዘብ ባጣሁ ቁጥር በዱቤ ያበሉኝ ነበር፤ ዱቤውን ግን በየትም ደብተር ሲጽፉት አላየሁም። አሁንም በየማለዳው አጥሚት በፔርሙስ ይዘው ይመጡና «አራሱ፣ እንዴት አደርህ?» ብለው ይስቁብኝ ነበር።

በ20ኛው ቀን ማለዳ አጥሚቱ ቀረ። ሌሊቱን ዐርፈው ኖሯል።

ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነበር። እናቴ «አንተ በአልጋህ ሆነህ አልቅስ፤ እግዚአብሔር ያያል» አለችኝ። እኔ ግን እንዴት ልቅር? እስከዚህ ድረስ እርስዎም ይፈርዱልኛል ብዬ አስባለሁ። የሚቀጥለውን ግን አይፈርዱልኝም።

ሙሉ ልብሴን ለብሼ ያን የሳንቃ ጫማ ባየሁት ጊዜ አፈርሁ። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች እንደሚመጡ ሰምቼ ነበር፤ በለቀስተኛው መካከል ስንገዳገድ ታየኝ። ክራንቹን ከበሩ ኋላ ትቼ፣ የጥቁሩን የቆዳ ጫማዬን ማሰሪያ አላልቼ አጠለቅሁት። አላመመኝም። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ መቃብሩ ያለውን ቁልቁለት ከሰዉ ጋር ወረድሁ፤ ቆሜ አስቀበርሁ፤ ወደ ድንኳኑም ተመልሼ እስከ ማታ ተቀመጥሁ። ማታ ጫማው አልወልቅ አለ። እናቴ በመቀስ ቀደደችው።

በሦስተኛው ቀን ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሁለቱን ራጅ ጎን ለጎን አድርገው አሳዩኝ። አጥንቱ በጥቂቱ ተንሸራትቷል። ዳግመኛ ለመቁረጥ የሚያበቃ ባይሆንም ቆጠራው ከአንድ ይጀመራል አሉ።

ሁለተኛው ስድስት ሳምንት ከመጀመሪያው ረዘመ። ጠያቂ የለም፤ አጥሚትም የለም። እንደ ታዘዝሁት ቁርጭምጭሚቴን እያንቀሳቀስሁ፣ ጣራውን እያየሁ፣ ያን ቀን አስብ ነበር። ቀብር መሄዴን እስከ ዛሬ አልጸጸትበትም። በክራንቹና በሳንቃው ጫማ ብሄድ ኖሮ ግን ማን ምን ይለኝ ነበር? እትዬ ራሳቸው በዚያ ጫማ ስንት ቀን ስቀውበታል። ያፈርሁት ለማን እንደ ነበር ብፈልግ አንድም ሰው አጣሁ።

ሥራ የጀመርሁት በሦስተኛው ወር ነው። ምናልባት ይጠቅምዎታልና ስለዚህ ጥቂት ልንገርዎ። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ቀን ብቻ ለመግባት አስፈቀድሁ፤ ከጠረጴዛዬ ሥር ካርቶን አኑሬ እግሬን በላዩ አሳርፍ ነበር። እግር ወደ ማታ ስለሚያብጥ አዲስ ጫማ የገዛሁት ከሥራ ስወጣ ነው፤ ፊቱ ሰፊ፣ መልኩም ደብዛዛ ነው። እብጠቱ ከስድስት ወር በላይ ቆይቷል፤ «ገና አልዳንህም?» የሚል ሰው ቢያጋጥምዎ አይደንግጡ።

ከዚያ በፊት ግን የእትዬ አርባ ደረሰ። ሁለተኛው ስድስት ሳምንት ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። በሳንቃው ጫማና በሁለት ክራንች ሄድሁ። የመሥሪያ ቤት ሰዎችም በድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። የእትዬ ልጅ ከሩቅ አየችኝና ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝ። ተመልሳም ወደ ማድ ቤት ገባችና፣ እናቷ እንጀራ ሲጋግሩ ይቀመጡበት የነበረውን ዱካ አምጥታ ከእግሬ ሥር አደረገችልኝ። እግሬን በላዩ ሰቅዬ በላሁ።