ከበሮው የት ሄደ?

ጥገና ላይ እጁን ያስገባ ሰው ያውቀዋል፤ የተቃጠለ ዕቃ ቀላል ነው። ሽታው ራሱ ይመራሃል፤ ትከፍተዋለህ፣ የጠቆረውን ትነቅላለህ፣ ትቀይራለህ፣ ሒሳብህን ትቀበላለህ። መከራው ያለው “ይሠራል እኮ!” የሚባለው ዕቃ ላይ ነው። መብራቱ ይበራል፣ ድምፁ ይወጣል፣ ቴስተሩም ደህና ነው ይላል፤ ባለቤቱ ግን “የሆነ ነገር ጎድሎታል” ብሎ ሙጭጭ ይላል። ሠሪው ፊት ለፊት ባይናገረውም በልቡ “ነገረኛ” ይለዋል። እኔ ዛሬ ጠበቃ የምቆመው ለዚሁ ለነገረኛው ነው።

ነገረኛው የኔታ ናቸው፤ የሚኖሩት ነፋስ መውጫ ነው። ድጓ ያስመሰከሩት እዚያው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ነው። ለማያውቅ ሰው ልንገር፤ በአብነት ትምህርት እያንዳንዱ ጉባኤ የሚመሰከርበት ደብር አለው። የድጓው ቤተ ልሔም ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕቱ ደግሞ ከዚያው አገር ሳንወጣ ዙር አባ። ቆማ፣ አጫብር፣ ተጉለት የሚባሉ ሌሎች የዜማ ስልቶችም አሉ፤ ባገሩ ሁሉ የተሰራጨው ግን የቤተ ልሔሙ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም ራሱ ጉድ ነው። ከውጭ ሲያዩት እንደማንኛውም የገጠር ክብ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ውስጡ ሲገቡ ግን ከክቡ እጅግ የቀደመ፣ በጥርብ ድንጋይ የታነጸ ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን ይጠብቃል። ቶማስ ፓክንሃም የሚባል ወጣት ተጓዥ በ1950ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) እዚያ ደርሶ በ1959 ባሳተመው መጽሐፉ “አገኘሁት” ብሎ ጽፎለታል። ያገሬው ሰው እንኳ መቼም አልጠፋበትም ነበር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አዲስ አበባ ያለ የድሮ ተማሪያቸው ለበዓል ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ትናንሽ ስፒከሮች ይዞላቸው መጣ። ኃይሉን በዩኤስቢ ያገኛሉ፤ ድምፁን ከስልክ በጃክ ይቀበላሉ። ከስፒከሮቹ ጋር በሚሞሪ የተገለበጡ የቆዩ የማህሌት ቅጂዎችም አመጣ፤ አብዛኞቹ ከካሴት የመጡ ናቸው። ሐሳቡ ተማሪዎቹ ማታ ማታ እንዲሰሙ ነበር። የኔታ መርቀው ተቀበሉት። ልጁ ከሄደ በኋላ ግን ቅር ያላቸውን ነገር ተናገሩ።

“ጸናጽሉ አለ” አሉ። “መቋሚያውም ይሰማል። ከበሮው የት ሄደ?”

ተማሪዎቹ ስፒከሮቹን ይዘው ሠሪ ጋ ወረዱ። አንዱ ሠሪ ቀኙን ብቻ፣ ከዚያ ግራውን ብቻ አጫውቶ “ሁለቱም ይሠራሉ፤ የቅጂው ችግር ነው” አለ። ሌላው ስልኩ ላይ ቤዝ የሚለውን እስከ ጥግ ገፍቶ ሰጣቸው። አንዱ ደግሞ “ትንሽ ስፒከር ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅበታል?” አላቸው። በዚህኛው አልፈርድም፤ ግማሹ እውነት ነው፤ የሻይ ብርጭቆ አፍ የማታክል ስፒከር ከበሮን እንደ ከበሮ አታወጣም። ተማሪዎቹም ሲመለሱ በልባቸው ነገሩን ዘጉት፦ የኔታ ዘመናዊ ዕቃ አይወዱም።

እኔ ስደርስ ስፒከሮቹ ጥግ ላይ ነጠላ ለብሰው ተቀምጠዋል። ካቻቪቴ ከኪሴ ባይጠፋም አልከፈትኳቸውም። ሳይጠይቁ መክፈት የሠሪ ሁሉ በሽታ ነው፤ ስድስት ቪቴ ፈትተህ የምታገኘውን ብዙ ጊዜ በሁለት ጥያቄ ታገኘዋለህ።

“የኔታ፣ ከበሮው መቼ ነው የጠፋው?”

“አልጠፋም። ከመጀመሪያውም አልነበረም።”

ልብ በሉ፤ ይህ መልስ ብቻውን ግማሽ ጥገና ነው። ሲሠራ ቆይቶ የተበላሸ ዕቃ ውስጥ የተቃጠለ፣ የተቆረጠ ወይም የላላ ነገር ትፈልጋለህ። ከካርቶኑ ሲወጣ ጀምሮ የጎደለው ዕቃ ግን ሲገጣጠም ነው የተሳሳተው።

“ስልኩ ብቻውን ሲያሰማስ?”

“ስልኩ ላይ ከበሮው ትንሽ ነው፤ ግን ቦታው ላይ አለ።”

ቅጂው ነጻ ወጣ ማለት ነው። ከዚያ ያልጠየቅኳቸውን ጨመሩልኝ። “አንዱ ልጅ ሽቦውን ጠልፎ ግራውን የነቀለው ዕለት ይሻል ነበር። ቀኙና ግራው የተጣሉ ይመስለኛል።” ማህሌት ላይ ሊቃውንቱ በሁለት ወገን ፊት ለፊት እንደሚቆሙ፣ ቀኙን ቀኝ ጌታ ግራውን ግራ ጌታ እንደሚመራው ለምታውቁ፣ የኔታ እንዴት ያለ ምርመራ እንዳደረጉ ይገባችኋል። ቴስተር ያልነገረንን ነገሩን፤ አንዱ ብቻውን ከሁለቱ አንድነት የበለጠ ሙሉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስፒከር ወረቀት ኤሌክትሪኩ በአንድ አቅጣጫ ሲመጣበት ወደ ፊት ይወጣል፣ በሌላው ሲመጣበት ወደ ኋላ ይገባል። ሲወጣ አየር ይገፋል፣ ሲገባ ይስባል። ሁለት ስፒከሮች አንድ ድምፅ ሲያወጡ አብረው መውጣት፣ አብረው መግባት አለባቸው። የአንዱ ሁለት ሽቦዎች ተገልብጠው ከተበየዱ ግን አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ግፊቱና ስበቱ መሐል ላይ ይጠፋፋል።

ታዲያ ሁሉም ድምፅ ለምን አይጠፋም? ጸናጽሉስ ለምን ተረፈ? ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚርገበገበው ወፍራም ድምፅ አንዱ ሞገዱ 3.4 ሜትር ይረዝማል። ከዚህ ርዝመት አንጻር ጠረጴዛ ላይ በክንድ ርቀት የተቀመጡት ስፒከሮች አንድ ቦታ እንዳሉ ይቆጠራል፤ ግፊቱና ስበቱ ሳይዛነፍ ይገናኛል፣ ይጠፋፋል። በሴኮንድ 3,400 ጊዜ የሚርገበገበው ቀጭን ድምፅ ግን ሞገዱ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንገትህን ትንሽ ስታዞር ከአንዱ ስፒከር ያለህ ርቀት ከሌላው ይለያል፤ እዚህ ጋ ሲጠፋፋ እዚያ ጋ ይደመራል፣ በጥቅሉ ተርፎ ይሰማል። ስለዚህ ጸናጽሉ ይንሿሿል፣ የመቋሚያው ኳኳታ ይደርሳል፤ ከበሮውና የመሪው ወፍራም ድምፅ ግን የሉም። የኔታ በአንድ ዐረፍተ ነገር የጨረሱት ይኼን ሁሉ ነው።

ማረጋገጫው ካቻቪቴም አይጠይቅም። ሁለቱን ስፒከሮች አንስቼ ፊት ለፊት፣ አፍ ለአፍ ገጠምኳቸው። ደህና ቢሆኑ ድምፁ ታፈን ብሎም ወፍራሙ ይሰማ ነበር። የእኛዎቹ ግን ሊነኩ ጥቂት ሲቀራቸው ዝም አሉ፤ የቀረው እንደ ጉንዳን ጉዞ የሚንኮሻኮሽ ነገር ብቻ ነው። ተማሪዎቹ ተጠግተው ሳቁ። አንዱ እያራቀ እያቀረበ ከበሮውን ሲቀብርና ሲያስነሳ ቆየ።

ማን እንደተገለበጠ ለማወቅ የባትሪ ድንጋይ ይበቃል፤ ተራዋ ባለ 1.5 ቮልቷ። የሁለቱንም ቪቴ ፈታሁ፤ እንደ ልማዱ ከጎማ እግሮቹ ሥር ተደብቋል። ሽቦዎቹን ከማጉያው ነቀልኩ፤ ይህን አትዝለሉት፣ ስፒከሩ ከማጉያው ጋር እንደተያያዘ ድንጋይ አያስነኩበትም። ሽቦዎቹ ሁለቱም ጥቁር ናቸው፤ አንዱ ላይ ብቻ ጸጉር የምታህል ነጭ መስመር አለች። ባለ መስመሩን ከድንጋዩ ጫፍ፣ ሌላውን ከታቹ ነካ አድርጎ መልቀቅ ነው። የቀኙ ወረቀት “ጧ!” ብሎ ወደ ፊት ወጣ። የግራው በዚያው አኳኋን ወደ ውስጥ ገባ። የግራውን ጀርባ አዙሬ ሳየው ከአንዱ እግር አጠገብ ያለችው ቀይ ነጥብ ላይ ባለ መስመሩ ሽቦ መበየድ ሲገባው መስመር የሌለው ተበይዶባታል። ብየዳው ያምራል፤ ስታኞው ያብለጨልጫል፣ ሽቦው አልላላም። ጥቁርና ጥቁር ሽቦ ቀኑን ሙሉ ሲበይድ የዋለ ዓይን አንድ ጊዜ ቢስት አልፈርድም። የምፈርደው ለሁለቱም ጥቁር ሽቦ በመረጠው ላይ ነው።

መበየጃው ሊሞቅ ሲል መብራት ሄደ። ቡና ተፈላ።

መብራቱን ስንጠብቅ የኔታን “ሌላው ያልሰማውን እርስዎ እንዴት ሰሙት?” አልኳቸው። ጥያቄዬ አስገረማቸው። ተማሪ ድጓውን በእጁ ጽፎ፣ ምልክቱን ጥሎ ለእርማት ይቀርባል። ምልክቶቹ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡ ደቃቅ ነገሮች ናቸው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዓመት፣ እንደ ሠሯቸው ይነገራል። ሳይጻፍ የቀረ ርክርክ በዓይን አይታይም፤ የሌለ ነገር ምን ይታያል? ተማሪው ሲያዜም ግን መምህሩ መጽሐፉን ሳያዩ “ተመለስ” ይላሉ። ዜማው በሙሉ በልባቸው ስላለ ያልተባለው ይሰማቸዋል። የኔታም ስፒከሩ ፊት የተቀመጡት እንደዚያ ነው። ሠሪዎቹ የሚወጣውን ድምፅ አዳመጡ፤ እርሳቸው ያልወጣውን።

የኛ የጥገና ትምህርት እዚህ ላይ ይጎድለዋል ባይ ነኝ። ቴስተር መያዝ፣ ቮልት መለካት፣ መስመር መከተል እንማራለን፤ የደህናውን ዕቃ ድምፅ፣ ሙቀት፣ አካሄድ አእምሮ ውስጥ ማስቀመጥ ግን ማንም አያስተምረንም። ዱሮ የወፍጮ ኦፕሬተር ከቤቱ ሆኖ ሞተሩን ሰምቶ “ዛሬ ቀበቶው ላልቷል” የሚለው ያን ይዞ ነበር። ለአካዳሚው ዓለምም ቢሆን የጆሮ ሊቅ ሳይኖር አይሆንለትም፤ ኬይ ሸለመይና ፒተር ጀፈሪ ከ1993 እስከ 1997 (እ.ኤ.አ.) በሦስት ቅጽ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ጥናት የቆመው ዜማውን በቃላቸው ባዜሙላቸው ሊቃውንት ላይ ነው።

መብራት መጣ። ሁለቱን ሽቦ ነቅሎ አቀያይሮ መበየድ ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ አልፈጀም። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከበሮው መሐል ላይ፣ ከሁለቱ ስፒከሮች መካከል ካለው ባዶ ቦታ ይመታል፤ መሪውም እዚያው። “እ... አሁን ቆሙ” አሉ፤ ሌላ አላሉም።

እናንተም ቤትና ቢሮ ያሉትን ሞክሩ። ባለ ሁለት ስፒከር ራዲዮ ወይም ኮምፒዩተር ላይ ዘፋኙ ሩቅ ጓዳ ውስጥ ያለ ከመሰላችሁ፣ ዜና አንባቢው ደረት ካጣ፣ ባላንሱን ወደ አንድ ጎን ግፉት። ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ድምፁ ከወፈረ ነገሩ ሽቦ ነው። መግዛት አያስፈልጋችሁም፤ ከአንዱ ስፒከር ብቻ ሁለቱን ሽቦ ማለዋወጥ ነው። የሁለቱንም ስፒከር ከገለበጣችሁ ወደ ነበራችሁበት ትመለሳላችሁ።

ልወጣ ስል የኔታ ሌላ ጠየቁኝ። “እንግዲያው የደብሩ ሞንታርቦስ?” አጥቢያቸው ላይ ሁለት ድምፅ ማጉያ ጎን ለጎን ወደ አደባባዩ ዞረው ተሰቅለዋል። ከዳር ሲቆሙ ሰባኪው ይሰማል፤ ከሁለቱ ትክክል መሐል፣ ዛፉ ሥር ሲቆሙ ግን አፉን የያዙት ይመስላል። ምእመኑ ዛፉ ድምፅ ይውጣል እያለ ነው፤ ቅርንጫፉ ይቆረጥ የሚልም አልጠፋም። ዛፉ ሳይቆረጥ ልደርስበት አስቤአለሁ። ረጅም መሰላል ያለው ነፋስ መውጫ አካባቢ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ካቻቪቴውን እኔ እይዛለሁ።