ለመሆኑ ማን ጋ ልሂድ?

አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪደርስ፣ እስቲ ስለ አንድ ጉዳይ እንጫወት። አሁን አሁን «ባለሙያ ብታማክሪ ይሻላል»፣ «ሐኪም እየው እንጂ» የሚል ምክር ከቤተሰብም፣ ከሥራ ባልደረባም፣ ከሬዲዮም እንሰማለን። ተመስገን ነው፤ ቀድሞ እንዲህ በግልጽ አይባልም ነበር። ግን ምክሩን ሰምቶ እውነትም ልሂድ ብሎ የተነሳ ሰው ወዲያው ጥያቄ ይደቀንበታል። ማን ጋ? የት ነው ያለው? ስንት ያስከፍላል? ገብቼስ ምን እላለሁ? ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ገና በሩን ሳያገኘው ነው። ይህ ነገር ያንገበግበኛልና ዛሬ ስለ በሩ እናውራ።

በመጀመሪያ ሰዎቹን እንለያቸው። ሳይካትሪስት የሚባለው የሕክምና ዶክተር ከሆነ በኋላ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ያደረገ ነው፤ ይመረምራል፣ መድኃኒት ያዛል፣ ካስፈለገም አልጋ ያስይዛል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ሳይኮሎጂስት የሚያክመው በንግግር ነው፤ መድኃኒት አያዝም። ይህን ሥራ ለመሥራት በክሊኒካል ወይም በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ መሰልጠን አለበት፤ በሌላ ዘርፍ የተማረ ሳይኮሎጂስት ሰው ለማከም አልሰለጠነም። የሳይካትሪ ነርሶች ደግሞ አሉ። ከ1980 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በአማኑኤል ሆስፒታል እየሰለጠኑ ወደ ክፍለ ሀገር የወጡት እነዚህ ነርሶች ናቸው ለብዙ ዓመታት ሸክሙን የተሸከሙት። ዛሬም በብዙ ከተማ መጀመሪያ የምታገኙት ባለሙያ ነርስ ቢሆን አትከፉ፤ ልምዳቸው ቀላል አይደለም።

ታዲያ እኔ የቱ ያስፈልገኛል ለሚል፣ እንደ መነሻ ይህን ልበላችሁ። ሰውየው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ ለቀናት እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ ከአልጋ መነሳት ካቃተው፣ መጀመሪያ ወደ ሆስፒታል ነው። ሐዘን አልወጣልህ ብሎ ከሆነ፣ ትዳር ውስጥ ንግግር ከጠፋ፣ ሐሳብ አላሳርፍ ካለ፣ ያለፈ በደል እየተመላለሰ የሚያምሽ ከሆነ፣ ከሳይኮሎጂስት መጀመር ይቻላል። አንዱ ወደ ሌላው ይልካችኋል፤ ጥሩ ባለሙያ «ይህ የኔ አይደለም» ብሎ ሲልክ ነው የሚታወቀው። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፦ የእንቅርት ዕጢ ሲዛባ ወይም ደም ሲያንስ ድካሙም፣ ጭንቀቱም፣ የልብ ምቱም ከድባቴና ከጭንቀት ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ሐኪሙ የደም ምርመራ ቢያዝ «እኔ የመጣሁት ለሌላ» አትበሉ።

ባለሙያው ለምን እንዲህ ብርቅ ሆነ ትሉ ይሆናል። አማኑኤል በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1930 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመ ሆስፒታል ነው፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ሳይካትሪስት ለመሆን ውጭ አገር ሄዶ መማር ግድ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የስፔሻሊቲ ትምህርቱን እዚሁ ሲጀምር ጊዜው 1995 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያን ጊዜ በመላ አገሪቱ የነበሩት ሳይካትሪስቶች አሥራ አንድ ገደማ ናቸው። ለሰባ ሚሊዮን ሕዝብ! ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ አድጓል። በ2014 ዓ.ም. የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ዋና ኮሚሽነር ሆነው የተሾሙት ፕሮፌሰር መስፍን አርአያም ሳይካትሪስት ናቸው። ቢሆንም ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲነጻጸር ባለሙያው አሁንም ጥቂት ነው፤ ያውም አብዛኛው ያለው ከተማ ነው። ፍለጋው የከበደው እናንተ ስለደከማችሁ አይደለም ማለቴ ነው።

እንግዲህ የቅርቡን በር ልንገራችሁ፤ ጤና ጣቢያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ዓ.ም. ባስጀመረው ፕሮግራም መሠረት፣ በአገራችንም የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ድባቴን፣ የሚጥል በሽታን፣ የአልኮል ችግርንና ከባድ የአእምሮ ሕመምን እንዲለዩና እንዲያክሙ ሲሰለጥኑ ቆይተዋል። በሁሉም ጤና ጣቢያ የሰለጠነ ሰው አለ ማለት አይደለም፤ ግን «እዚህ የአእምሮ ጤና የሚያይ ባለሙያ አለ?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም። ባይኖርም ሪፈር ይጽፉላችኋል፤ የጤና መድን ላለው ደግሞ ያቺ ወረቀት ትልቅ ነገር ናት። አዲስ አበባ ውስጥ ከአማኑኤል ሌላ ቅዱስ ጳውሎስ፣ ጥቁር አንበሳ፣ ዘውዲቱ፣ የካቲት 12 እና ኤካ ኮተቤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ከአዲስ አበባ ውጭ እንደ ጅማና ጎንደር ያሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አሉ። ጥቃት ለደረሰባት ሴት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማህበር መጠለያና የምክር አገልግሎት ይሰጣል። ከአረብ አገር ተጎድተው ለሚመለሱ እህቶቻችን ደግሞ አጋር ኢትዮጵያ የበጎ አድራጎት ማህበር አለ። ተማሪ ከሆናችሁ ግቢያችሁ ውስጥ የምክር አገልግሎት ቢሮ መኖሩን አጣሩ፤ ካለ አጠገባችሁ ነው ማለት ነው።

የግል ክሊኒክ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከመሄዱ በፊት ስልክ ይደውል። እንዲህ ማለት ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ፣ ቀጠሮ ለመያዝ ፈልጌ ነበር።»

«እሺ፣ ለራስዎ ነው?»

«አዎ። ከመያዜ በፊት ግን አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅ። የሚያዩኝ ባለሙያ በምንድን ነው የሰለጠኑት? የሙያ ፈቃድስ አላቸው?»

«ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ናቸው፤ ፈቃዱም አለ።»

«አንድ ጊዜ ስንት ደቂቃ ነው? ክፍያውስ?»

ይኸው ነው። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ባለሙያውንም መናቅ አይደለም። «እሳቸው ሁሉንም ነው የሚያክሙት፣ ዝም ብለው ይምጡ» የሚል መልስ ከሰማችሁ ግን ቆም በሉ። ስትደርሱም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ እዩ፤ ፎቶና የሚታደስበት ቀን አለው። «በሦስት ቀን ከድባቴ አወጣሃለሁ» የሚል፣ ከእናንተ ጋር የተነጋገረውን ለሌላ የሚያወራ፣ ገንዘብ የሚበደር፣ ከቢሮ ውጭ የተለየ ቅርበት የሚፈልግ፣ ሃይማኖታችሁን ሊያስቀይር የሚሞክር ካጋጠማችሁ፣ ስሙ ምንም ያህል የገነነ ይሁን ጥላችሁት ውጡ። መድረክ ላይ ሰው የሚያነቃቃ ተናጋሪ መሆንና የታመመን ሰው ማከም የተለያዩ ሙያዎች ናቸው።

ገብቼ ምን እላለሁ? ይህ ነው ብዙውን የሚያስፈራው። አንዲት እናት እናስብ። ራስ ምታት አላስቀምጥ ብሏት ሦስት ክሊኒክ ዞራ፣ በመጨረሻ ወደ ሳይኮሎጂስት ተልካለች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። «እንዴት ነዎት?» ስትባል «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። ሁላችንም የምንለውን ነው ያለችው። ባለሙያዋ አልቸኮለችም። «እንቅልፍስ?» «ትንሽ ይቸግረኛል።» «ጎረቤት ቡና ሲጠሩዎት ይሄዳሉ?» እዚህ ላይ ሴትየዋ ዝም አለች። ከዚያ «ካቆምኩ ቆየሁ። እኔም ቤት ቡና ከፈላ ስንት ጊዜው» አለች፤ እንባዋም መጣ። የራስ ምታቱ ታሪክ ያኔ ተጀመረ።

አያችሁ፣ የተዘጋጀ ንግግር አያስፈልጋችሁም። ባለሙያው ይጠይቃል፤ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ መጠጥና ጫት፣ በፊት ስለደረሰባችሁ ነገር። «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ብሎም ይጠይቃል። አትደንግጡ። መጠየቁ ሐሳቡን ሰው ላይ አይተክልም፤ እንዲያውም ብቻውን ተሸክሞት የኖረውን ሰው ያሳርፈዋል። አንድ ቀጠሮ ብዙውን ጊዜ ከአርባ አምስት ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። የምትሉት እዚያው ይቀራል፤ ምስጢር መጠበቅ የሙያው ሕግ ነው። የእናንተ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ፣ ወይም ሕፃን ላይ ጥቃት እየደረሰ ከሆነ ግን ባለሙያው ዝም ሊል አይችልም። ይህን ወሰን መጀመሪያውኑ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ሰው ያየኛል ብላችሁ ከሰጋችሁም ከሰፈራችሁ ራቅ ያለ ቦታ ምረጡ፤ ምንም ችግር የለውም።

ሄዳችሁ ባትስማሙስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። አንዴ ሄዶ ልቡ አልከፈት ሲለው «ይህ ነገር ለኔ አይሆንም» ብሎ ይዘጋዋል። በንግግር ሕክምና ውስጥ በታካሚውና በባለሙያው መካከል ያለው መተማመን ለውጤቱ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ሦስት አራት ጊዜ ሞክሩት። አልሆን ካለ ለባለሙያው ራሱ ንገሩት፤ ወደ ሌላ ሰው ይምራችሁ። የነፍስ አባት እንኳ ካልተግባቡ ይቀየራል፤ ካውንስለር ቢቀየር ምን ይገርማል? ለድባቴ መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ደግሞ ሥራውን እስኪጀምር ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብላችሁ አትጣሉት፤ ሲሻላችሁም ሐኪሙን ሳትጠይቁ በድንገት አታቁሙት።

ስለ ጸበል ሳላነሳ አላልፍም። በእንጦጦ ማርያም ጸበል ከሚጠመቁት መካከል ብዙዎቹ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ናቸው፤ ቤተሰብም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚወስዳቸው ወደዚያ ነው። ይህን የሚነቅፍ ሐኪም ታካሚውን ያጣል። መድኃኒቱን ካላቆማችሁ አትድኑም የሚል ሰውም ታማሚውን ይጎዳል። የኤችአይቪ መድኃኒት በተስፋፋበት ጊዜ የወቅቱ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒት መውሰድና ጸበል መጠመቅ እንደማይጣሉ በይፋ አስተምረው ነበር። እንጦጦ ላይም ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች አብረው የሠሩበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ለሐኪሙ «ጸበል እየተጠመቅኩ ነው» በሉት፤ ለአባም «መድኃኒት እየወሰድኩ ነው» በሏቸው። ሁለቱም ይወቁት።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ አንድ ሁለት ነገር። አሜሪካ ውስጥ አማርኛ የሚናገር ቴራፒስት በቪዲዮ ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ባለሙያው በአጠቃላይ እናንተ ባላችሁበት ስቴት ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ካላገኛችሁም ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ። እናት የልቧን በልጇ አፍ ማውጣት አትችልም፤ ልጁም ሊሸከመው የማይገባውን ይሸከማል።

ቀጠሮ የማይጠብቅ ጊዜም አለ። አንድ ሰው ልሞት ነው፣ ሰልችቶኛል ብሎ ማውራት ከጀመረ፣ ንብረቱን ማከፋፈል ወይም መሰናበት ካበዛ፣ ነገ እንወስደዋለን አይባልም። ብቻውን አትተዉት፤ የፀረ ተባይ መርዙን፣ ገመዱን፣ የመድኃኒቱን ክምችት ከቤት አውጡ፤ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ።

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። እኛ አገር ጥሩ ሐኪም የሚገኘው በአፍ ነው። ጥሩ የጥርስ ሐኪም፣ ጥሩ የማህፀን ሐኪም፣ ወገብ የሚያሽ ሳይቀር «እገሌ ጋ ሂድ» ተባብለን ነው የምናገኘው። የአእምሮ ሐኪምና ካውንስለር ሲሆን ግን የዳነው ሰው ዝም ይላል። ሄጄ ነበር ካለ ስሙ እንዳይነሳ ይፈራል፤ መፍራቱም ያለ ምክንያት አይደለም። ግን በዝምታችን የተነሳ ከኋላ የሚመጣው ሁሉ እንደ አዲስ ይፈልጋል፤ እየፈለገም ይደክማል፤ ያልታመነ ሰው እጅም ይወድቃል። ስለዚህ ሄዳችሁ የተጠቀማችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ ልመናዬ አንድ ነው። ታሪካችሁን ሁሉ ዘርዝሩ አልልም፤ ሕመማችሁንም አትንገሩ። የባለሙያውን ስም፣ ቦታውንና ክፍያውን ብቻ ለሚያምናችሁ አንድ ሰው ንገሩ። ስልኩንም ላኩለት። ካስፈለገም የመጀመሪያውን ቀን አብራችሁት ሂዱና ውጭ ተቀምጣችሁ ጠብቁት።