የላላው ፔዳል

ደብተራችንን ጥለን ብንሰደድም ፊዚክሱ አብሮን መጥቷል። ምጥ የያዛቸውን እናቶች ቁልቁለቱን የሚያወርደው የመጠለያችን ላንድክሩዘር፣ የፊት ታምቡር ፍሬኑ በዲስክ ከተለወጠ ወዲህ ፔዳሉ እንደ ሊጥ ይሰምጥ ነበር። ፈሳሽ እምብዛም አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። ደጋግመው ሲረግጡት ፔዳሉ ከፍ ብሎ ከጠነከረ የኋላው ሸራ ከታምቡሩ ርቋል፤ ከፍ ብሎም ከላላ በመስመሩ ውስጥ አየር አለ። የእኛው ላላ። አየሩን ብናስወጣ ብናስወጣ አላልቅ አለ። ጎንበስ ብለን ስናይ የግራው ካሊፐር በቀኝ፣ የቀኙ በግራ ታስሮ የማስተንፈሻው ብሎን ቁልቁል ዞሯል፤ አየር ደግሞ ሽቅብ ይሸሻል። አቀያይረን ስናስተነፍሰው ፔዳሉ ጠነከረ። ሹፌሩ ግን ዛሬም እናት ጭኖ ከመነሳቱ በፊት ሦስቴ ይረግጣል። ወገኖች፣ ይህን ልማድ ያዙ።