አንደኛ ክፍልን በድያለሁ

የመንግሥት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆኜ ስሠራ በጀቱ በእጄ አልነበረም፤ ከወረዳ ተቆርጦ ይመጣል። መምህር መቅጠርም ማሰናበትም አልችልም ነበር። የእኔ ሥልጣን ነሐሴ መጨረሻ ላይ የሚወጣው የመምህራን ድልድል ነው። ማን የትኛውን ክፍል እንደሚይዝ የምወስነው እኔ ነበርኩ። የበደልኩትም በዚያው ነው።

ድልድሉን ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች እሠራ ነበር። መጀመሪያ ስምንተኛ ክፍል። ጎበዝ የሒሳብ መምህር፣ እንግሊዝኛው የተዋጣለት፣ ክፍለ ጊዜ የማያባክን ሁሉ ወደዚያ ይመደባል። ቀጥሎ ሰባተኛ፣ ከዚያ ስድስተኛ እያልኩ እወርዳለሁ። አንደኛ ክፍል ስደርስ የሚቀሩኝ ጡረታ የደረሱ፣ ሕመም ያደከማቸውና በዚያ ዓመት ከእኔ ጋር የተጋጩ መምህራን ነበሩ። ያስቸገረኝን መምህር «አንደኛ ክፍል ነው የምመድብህ» ብዬ አስፈራርቻለሁ። እንዲህ በል ብሎ ያዘዘኝ ማንም የለም።

ወረዳው ዓመቱ ሲያልቅ የሚጠይቀኝ «ከሚኒስትሪ ተፈታኞችህ ስንቱ አለፈ?» ብሎ ነው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይለጠፋል፤ ትምህርት ቤቶች ይወዳደሩበታል፤ የምስጋና ወረቀት ያስገኛል። አንደኛ ክፍልን ግን የሚጠይቅ አልነበረም። መመሪያው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ሳይወድቁ እንዲዛወሩ ያደርግ ነበር። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ መምህሩ በተከታታይ ምዘና የደከመውን እየለየ እንዲያግዝ ነው። ነገር ግን ስታንዳርዱ ለአንድ ክፍል 50 ተማሪ እያለ፣ ከዚያ እጅግ የበለጡ ሕፃናት በታጨቁበት ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ብቻውን ይዞ ሲውል፣ እገዛው ይቀርና ዝውውሩ ብቻ ይተርፋል። ይህን እያየሁ ለዚያ ክፍል የደከመውን መምህር መረጥኩለት።

ከሁሉም በላይ የሚከነክነኝ የአንዲት መምህርት ጉዳይ ነው። ከኮሌጅ እንደወጣች አንደኛ ክፍል ሰጠኋት። ቆርኪ ሰብስባ በእያንዳንዱ ላይ ፊደል ጻፈችበት፤ ልጆቹ መሬት ላይ ቁጭ ብለው እየገጣጠሙ ቃል ይሠሩ ነበር። ፋሲካ ሳይደርስ አብዛኞቹ አጭር ታሪክ ያነቡ ጀመር። እኔም እንደ ሽልማት ቆጥሬ በቀጣዩ ዓመት ወደ ሰባተኛ ክፍል አዛወርኳት። ቢሮዬ መጥታ «ጋሼ፣ እነዚህን ልጆች እስከ ሦስተኛ ድረስ ይዣቸው ልዝለቅ» ብላ ለመነችኝ። «አንቺን የመሰለች መምህር ፊደል ስታስቆጥር መኖር የለባትም» ብዬ መለስኳት። ክብር የሰጠኋት መስሎኝ ነበር።

እሷ በለቀቀችው አንደኛ ክፍል የተመደበው መምህር በቅጣት የሄደ ነው። ሚያዝያ ላይ ለክትትል ስገባ አንድ ልጅ ተነሥቶ ፊደሉን ከ«ሀ» እስከ መጨረሻው በዜማ ወጣው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የፊደል ገበታ «ቂ»ን ስጠቁመው ከላይ ጀምሮ እየቆጠረ ወርዶ ደረሰባት። ብቻዋን ሰሌዳ ላይ ስጽፍለት ግን ዝም አለ። ልጁ ዜማውን እንጂ ፊደሉን አያውቅም። እኔ በክትትል ቅጹ ላይ ክፍሉ ንጹሕ መሆኑን፣ የመርጃ መሣሪያ መሰቀሉን ሞልቼ፣ ፈርሜ ወጣሁ። እነዚያ ልጆች አምስተኛ ክፍል ደርሰው ማንበብ ሲያቅታቸው በስብሰባ ላይ የወቀስኩት የአምስተኛ ክፍል መምህራንን ነበር። እነሱንም በድያለሁ።

በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የተደረገ የንባብ ጥናት ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቶ ነበር። ግኝቱን ስሰማ የሌላ ትምህርት ቤት ችግር አድርጌ አለፍኩት። ከዓመታት በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሲሆን፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ተነገረ። ሰው ሁሉ ስለ ኩረጃ፣ ስለ ጦርነቱ፣ ስለ ኮሮና ተናገረ። ሁሉም እውነት አለው። እኔ ግን ዓመቱን ወደ ኋላ ቆጠርኩ። ክፍል ሳይደግም ለዚያ ፈተና የደረሰ ልጅ አንደኛ ክፍል የገባው 2003 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ድልድል የማወጣው እኔ ነበርኩ። የአገሩን ውድቀት ሁሉ ልሸከም አልችልም፤ በእኔ እጅ ያለፉትን ልጆች ዕዳ ግን በማንም ላይ አላላክክም።

በጀት ያንሳል፣ መጽሐፍ ይዘገያል፣ የመምህሩ ደመወዝ ኑሮውን አይሸፍንም፤ ርዕሰ መምህር ይህን ሁሉ ብቻውን አይፈታም። የእኔ ጥፋት ግን ገንዘብ በማጣት የመጣ አይደለም። ያቺን መምህርት በለመነችው ክፍል መተው አንድ ብር አያስወጣም ነበር።

ዛሬ በዚያ ወንበር ለተቀመጣችሁ የምለው አለኝ። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባላል። ድልድሉን ከአንደኛ ክፍል ጀምሩ። ሕፃናት ማስነበብ የሚችለውን መምህር ለዩ፤ እዚያው እንዲቆይ ለምኑት፤ በሥራ አፈጻጸሙም በሰው ፊትም አክብሩት። በየወሩ ከሁለተኛ ክፍል ጥቂት ልጆች ጠርታችሁ አይተውት የማያውቁትን አንቀጽ አስነብቧቸው፤ ያልቻለውን ልጅ ስሙን ጽፋችሁ ተከታተሉት። የወረዳ ኃላፊዎችም ከስምንተኛ ክፍል ውጤት አስቀድማችሁ የሁለተኛ ክፍልን ንባብ ጠይቁ። ያ ጥያቄ ለእኔ ቀርቦልኝ ቢሆን ምናልባት እነቃ ነበር፤ ባይቀርብልኝም ግን ራሴን መጠየቅ ነበረብኝ። አላደረግኩትም፤ ልጆቹን ይቅርታ እጠይቃለሁ።