ከጉብኝቱ የቀደመው ዘፈን

በሞሮኮ የአትላንቲክ ጠረፍ ከምትገኘው ከኤሳዊራ ከተማ በስተደቡብ፣ ዲያባት በተባለች መንደር አቅራቢያ፣ ገሚሱን አሸዋ የዋጠው የቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አለ፤ ስሙም «ዳር ሱልጣን»፣ ማለትም የሱልጣኑ ቤት ነው። ይሁንና ወደ ስፍራው የሚመጣ ጎብኚ ስለ ሱልጣኑ ከመስማቱ በፊት ስለ አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ስለ ጂሚ ሄንድሪክስ ይሰማል፤ «ከአሸዋ የተሠሩ ግንቦች» የተባለውን ዘፈኑን የደረሰው ይህን ፍርስራሽ አይቶ ነው ይባላልና። ሄንድሪክስ በ1969 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኤሳዊራ መጥቶ ጥቂት ቀናት መቆየቱ እውነት ነው። ዘፈኑ የወጣው ግን በ1967 ነው፤ ሆኖም ይህ የሁለት ዓመት ልዩነት በዲያባት በስሙ የተከፈተውን ካፌ ገበያ የጎዳው አይመስልም።

በዚህ ወሬ የተጋረዱት የቤተ መንግሥቱ ባለቤት፣ ከ1757 እስከ 1790 ሞሮኮን የገዙት ሱልጣን ሲዲ መሐመድ ቤን አብደላ፣ ከዘፋኙ ባልተናነሰ ሊወራላቸው የሚገባ ሰው ነበሩ። ኤሳዊራ ያለችበት ስፍራ ከእርሳቸው በፊት ባዶ አልነበረም፤ ፊንቄያውያን ነጋዴዎች ከከተማዋ ፊት ለፊት ባለችው ደሴት ሰፍረዋል፣ የጥንቷ ማውሬታኒያ ንጉሥ ዳግማዊ ዩባ ከባሕር ቀንድ አውጣ ሐምራዊ ቀለም አስወጥቶባታል፣ ፖርቱጋሎችም በ1506 ምሽግ ሠርተው ብዙ ሳይቆዩ ለቀዋል። ዛሬ ጎብኚው «ጥንታዊ» እያለ ፎቶግራፍ የሚያነሣት መዲና፣ ማለትም በቅጥር የታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ግን በ1760ዎቹ በሱልጣኑ ትእዛዝ የተቆረቆረች፣ በጊዜዋ አዲስ የነበረች ከተማ ናት። ሱልጣኑ የደቡቡን ንግድ ከአጋዲር ወደብ ነጥቀው፣ የአውሮፓ ነጋዴዎችን በአንድ በር አስገብተው፣ ቀረጡን በቅርብ ለመሰብሰብ ፈለጉ፤ ስለዚህም በሌሎች የሞሮኮ አሮጌ ከተሞች መንገደኛውን የሚያደናግረው ጠመዝማዛ ጎዳና እዚህ ቀጥ ብሎ የተዘረጋው የፈረንሳዩ መሐንዲስ ቴዎዶር ኮርኑ በተሳተፈበት ንድፍ ነው። የወደቡ በር ሥራ ደግሞ በተለምዶ የሚሰጠው አሕመድ ኤል ኢንግሊዚ፣ ማለትም እንግሊዛዊው አሕመድ፣ ለተባለ የሰለመ አውሮፓዊ ነው። «ስካላ» በሚባለው የባሕር ምሽግ ላይ የተደረደሩት የነሐስ መድፎችም ቢሆኑ ብዙዎቹ የተቀለጡት በስፔን ነው፤ አገር በቀልነትን ፍለጋ የመጣ ጎብኚ ይህን ከማንበቡ በፊት ፎቶውን ቢጨርስ ይሻለዋል።

ከተማዋን በነዋሪ የመሙላቱ ዘዴም እንደዚሁ የታሰበበት ነበር። ሱልጣኑ ከየከተማው ነጋዴ ቤተሰቦችን፣ በተለይም አይሁዳውያንን፣ ጠርተው ቤትና ካፒታል ሰጡ፤ እነዚህም «ቱጃር ኤል ሱልጣን»፣ የሱልጣኑ ነጋዴዎች፣ ተብለው በንጉሡ ገንዘብ ይነግዱ፣ ትርፉንም ከእርሳቸው ጋር ይካፈሉ ነበር። ከሰሐራ ማዶ፣ ከቲምቡክቱ፣ በግመል ቅፍለት የሚመጣው ወርቅ፣ ሙጫና የሰጎን ላባ በዚህ ወደብ ወጥቶ፣ ላባው የአውሮፓ ወይዛዝርት ባርኔጣ ላይ ሲያርፍ፣ ከእንግሊዝ ደግሞ የጥጥ ጨርቅና ሻይ ይገባ ነበር፤ ዛሬ ሞሮኮ ያለ እርሱ የማትታሰበው ሻይ በአገሪቱ ለመስፋፋቱ ይህች ወደብ ድርሻ አላት። በነሐሴ 1844 የፈረንሳይ መርከቦች ደበደቧት፤ በኋላም ንግዱ ወደ ካዛብላንካ ሲሄድ ኤሳዊራ ደህይታ እንዳለች ቀረች። በ2001 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበላትን መልኳን ከጠበቁላት ነገሮች አንዱ ይኸው ድህነት ሳይሆን አይቀርም።

ሥራ ያጣች ከተማ ሌላ ከተማ መስላ መተወን ጀመረች። የፊልም ዳይሬክተሩ ኦርሰን ዌልስ በ1949 «ኦቴሎ»ን መቅረጽ ሲጀምር ኤሳዊራን ቆጵሮስ አደረጋት፤ አልባሳቱ በጊዜው ስላልደረሱለትም አንዱን የግድያ ትዕይንት ተዋንያኑ ፎጣ ብቻ አገልድመው በሚታዩበት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቀረጸው። ፊልሙ በ1952 በካን የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት አገኘ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ደግሞ የአንድ ታዋቂ ተከታታይ ፊልም የባሪያ ገበያ ከተማ ሆነች።

ይህ የልብ ወለድ ገበያ ከእውነተኛው ታሪክ ብዙም አይርቅም። ቅፍለቶቹ ከላባውና ከሙጫው ጋር ባሪያዎችንም ያመጡ ነበርና፤ በኤሳዊራ ዛሬ የሚሰማው «ግናዋ» የተባለው ሙዚቃ የእነዚያ ከሰሐራ በስተደቡብ የተወሰዱ ሰዎች ዘሮች ያቆዩት ነው። «ገምብሪ» በተባለ፣ ሦስት ጅማት ባለውና ድምፁ ጎርናና በሆነ መሣሪያ፣ በብረት ጽናጽልም ታጅቦ፣ መናፍስትን የሚያባብልና ሕመምተኛን የሚፈውስ ሥርዓት ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቃል። ለከተማዋ ሙዚቀኛ ጀግና ከተፈለገ ሩቅ መሄድ ሳያስፈልግ እነዚህ የግናዋ ሙዚቀኞች ነበሩ። ከ1998 ጀምሮ በስማቸው ፌስቲቫል ይካሄዳል፣ በ2019ም ዩኔስኮ ግናዋን በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል፤ በፌስቲቫሉ መድረክ ላይ ግን መናፍስቱ የሚፈቀድላቸው ጊዜ ተረኛው ባንድ እስኪወጣ ድረስ ያለው ብቻ ነው።