ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው

የእኛ ቤተሰብ ሰፊ ነው፤ የሚሰበሰበው ግን ሰርግና ለቅሶ ላይ ብቻ ነበር። የታላቅ ወንድማችን የሙት ዓመት ዝክር ባለቀ ምሽት፣ ዕቃ እያጠብን ሳለ ታናሽ እህቴ “እንግዲህ ሌላ ለቅሶ እስኪመጣ ላንተያይ ነው?” አለች። ወንድሜ በሕይወት ሳለ ልጆቹን በዓመት አንድ ጊዜ ላንጋኖ ይወስዳቸው ነበር። እኛም የፋሲካን ሰሞን እዚያው እንድናሳልፍ ተስማማን። ሚኒባስ ተከራይተን፣ 3 ድንኳን ተውሰን፣ 9 አዋቂና 5 ሕፃናት ሆነን ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዝን። ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። 34 ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን በሕፃናት ክፍል። ዘመዶቼ ሁሉ “ሲስተር” ነው የሚሉኝ፤ ጉዞ ሲታሰብም የመድኃኒት ቦርሳ መያዝ የእኔ ድርሻ ነው። አካባቢው ወባ ስላለበት አጎበር ያዝኩ። ለተቅማጥ ኦ አር ኤስ፣ ለትኩሳት ፓራሲታሞልና ቴርሞሜትር፣ ለቁስል ፋሻ ጨመርኩ። ልጆቹ ውሃ ውስጥ እንግባ ሲሉም “ላንጋኖ ቢልሃርዚያ የለበትም ይባላል፤ ግቡ” ብዬ የፈቀድኩት እኔው ነኝ።

የመጀመሪያው ምሽት ደስ ይል ነበር። ወንዶቹ ድንኳኑን ሲተክሉ ነፋሱ እየነቀለባቸው ሳቅ በሳቅ ሆንን። እሳት ዳር ተቀምጠን ስለ ወንድሜ አወራን። የወንድሜ ባለቤት የሱን አሮጌ የገለባ ባርኔጣ ይዛ መጥታ ነበር። ከዓመት በኋላ ከልቧ ስትስቅ ያየኋት ያን ሌሊት ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ልጆቹ ዳር ዳሩን ይንቦራጨቃሉ። ሴቶቹ ጀበና ከበናል፣ ወንዶቹ ሥጋ ይጠብሳሉ። አቦሉን ጠጥተን ቶናው ሲቀዳ ቀና ብዬ ልጆቹን ቆጠርኩ። አራት ናቸው።

“ማሙሽ የታለ?” አልኩ።

“ከአባቱ ጋር ነው” አለች እናቱ።

አባቱ ከጥብሱ ዘወር ብሎ “ከእናንተ ጋር አይደለም እንዴ?” አለ።

የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው፤ ደለሉ ስለማይጠል አንድ ክንድ ታች ያለው አይታይም። የወንድሜ ልጅ ከነልብሱ ገብቶ በእጁና በእግሩ ይዳብስ ጀመር። ልጁን ያገኘው ወገቡን እንኳ በማያልፍ ውሃ ውስጥ ነው። የ5 ዓመት ልጅ፣ የወንድሜ የልጅ ልጅ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ትንፋሽ ሳይኖረው ወጣ።

አንዱ ዘመዳችን ውሃው ይውጣለት ብሎ በእግሩ ሊዘቀዝቀው ያዘው። “አስተኛው!” ብዬ ጮኽኩ። ነጠላዬ ላይ በጀርባው አስተኛሁት፤ ግንባሩን ይዤ አገጩን ቀና አደረግሁ፤ አፍንጫውን ዘግቼ በአፉ ተነፈስኩለት። በአራተኛው ምንም የለም። በአምስተኛው ሳለ፣ ውሃ አስመለሰና አለቀሰ። ቤተሰባችን ለቅሶ ሰምቶ ደስ ያለው ያን ቀን ብቻ ነው።

ነቅቷል ብለን አልተቀመጥንም። ውሃ የገባበት ሳንባ ከሰዓታት በኋላ ሊብስበት ስለሚችል በሚኒባሱ ወደ ሕክምና ወሰድነው። ኦክስጅን ተሰጥቶት ክትትል ሲደረግለት አደረ፤ ድኖም ወጣ።

ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ ታመመ። እናትና አባት ተወነጃጀሉ፤ ዘመድ በሁለት ተከፈለ። እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ለትንኙም ለተቅማጡም መድኃኒት ነበረ፤ ለውሃው ለራሱ ግን ምንም አላሰብኩም። የበለጠ የቆጨኝ ሌላ ነው። በሕፃናት ክፍል 34 ዓመት ስሠራ ያለ ርክክብ ከተራዬ ወጥቼ አላውቅም። “ይህ ልጅ እንዲህ ነው፣ አሁን ያንቺ ነው” ሳይባል ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በሐይቁ ዳር ግን ዘጠኝ አዋቂዎች ነበርን፤ ልጁን ማንም ለማንም አላስረከበም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። የእኛ ድር ግን መብዛቱን እንጂ ማበሩን አላወቀም። እያንዳንዳችን ሌላው እያየ መስሎን ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የሚሰምጥ ልጅ እንደ ፊልም አይጮኽም። ለመጮኽ አየር ያስፈልጋል፤ እሱ ያጣው ይህንኑ ነው። ከጥቂት እርምጃ ላይ ሆነን ምንም ያልሰማነው ለዚህ ነው።

ዘንድሮ የጉዞው ነገር ሲነሳ የልጁ አባት “ሁለተኛ ውሃ ዳር አልደርስም” ብሎ ነበር። ያግባባው የእናቱ ቃል ነው። “እኔ ባሌን አጥቻለሁ፤ ዘመዴንም ልጣ?” አለችው። ከዚያም የወንድሜን ባርኔጣ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ልጆች ውሃ ውስጥ ሲሆኑ ባርኔጣውን ያደረገ ሰው ቡና አይጠጣም፣ ስልክ አይነካም፣ ጀርባውን አይሰጥም። ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ልጆቹን ቆጥሮ ባርኔጣውን ለተረኛው ያስረክባል። የመጀመሪያው ተራ የአባትየው ሆነ፤ ራሱ ጠይቆ ነው።

በዓሉን ውሃ ዳር የምታሳልፉ ሁሉ ይህን ያዙ። ከውሃ የወጣን ልጅ አትዘቅዝቁ፤ ሆዱንም አትጫኑ። ካልተነፈሰ በጀርባው አስተኝታችሁ አምስት ጊዜ ተንፍሱለት። ካልነቃ የደረቱን መሐል 30 ጊዜ በፍጥነት እየተጫናችሁ፣ 2 ጊዜ እየተነፈሳችሁ እርዳታ እስኪደርስ ቀጥሉ። ቢነቃም ሐኪም ሳያየው አይቅር።

ከሁሉ በፊት ግን “አሁን ልጆቹን የሚያየው ማን ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ “ሁላችንም” ከሆነ ማንም እያየ አይደለም።