ሰቆጣ ላይ የነቀልነው ዲስክ

ለተግባር ልምምድ ወደ ክፍለ ሀገር የተላከ ተማሪ ሲመለስ የሚያወራው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሠራው ሥራ ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንጽፈው ስላጠፋነው ጥፋት ነው። ጥፋታችንን ደብቀን ብንቀመጥ፣ በሚመጣው ዓመት ሌላው ጓዳችን በሌላ ከተማ ያንኑ ይደግመዋል ብለን ስለ ፈራን ነው።

ሦስት ሆነን የተመደብነው በዋግ ኽምራ በሰቆጣ ከተማ ነበር። ስሙን በማንጠቅሰው በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ሰርቨር አለ፤ በውስጡም የተረጂ ቤተሰቦች ስም ዝርዝርና የእህልና የዘር ስርጭት መዝገብ ተከማችቷል። ከዝቋላ ወረዳ ከጽጽቃ፣ ከአበርገሌና ከደሃና በወረቀት የሚመጣውን ዝርዝር የመዝገብ ቤቱ ሠራተኞች እየተቀበሉ ወደዚያ ያስገቡታል። ዋግ ዝናብ ሲያጥርበት ምን እንደሚሆን ለአንባቢ መንገር አያሻም። እዚያ ስም ከመዝገብ ጠፋ ማለት አንድ ቤተሰብ ከሰልፍ ወጣ ማለት ነው።

ሰርቨሩ እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ አራት ዲስኮች ነበሩት፤ እነርሱም «ሬይድ 5» በሚባለው ሥርዓት ተጣምረዋል። ሬይድ የሚለውን ስምና ደረጃዎቹን ያስተዋወቀው ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ ሦስት ሰዎች በ1988 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በበርክሌይ ዩኒቨርስቲ ሳሉ ያወጡት ጽሑፍ ነው። ሐሳቡም አንድ ትልቅና ውድ ዲስክ ከመግዛት ይልቅ ርካሾቹን አጣምሮ፣ አንዱ ሲሞት የቀሩት ሥራውን እንዲሸፍኑለት ማድረግ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይሠራል።

አሠራሩን በእህል ማስረዳት ይቻላል። ሦስት ወንድማማቾች 3፣ 5 እና 4 ቁና ማሽላ አላቸው እንበል፤ አራተኛው ወንድም ደግሞ ድምሩን፣ ማለትም 12ን ብቻ ጽፎ ይይዛል። ከሦስቱ አንዱ የራሱን ቁጥር ቢረሳ፣ የሁለቱን ከድምሩ ቀንሶ ማግኘት ይቻላል። ሁለቱ ከረሱ ግን ድምሩ ብቻውን አያድንም። እርግጥ ኮምፒዩተሩ የሚያሰላው በአንድና በዜሮ ነው፤ ድምሩንም በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ሳይሆን በአራቱም ላይ እያፈራረቀ ይጽፈዋል፤ ሕጉ ግን ያው ነው። አንድ ዲስክ ቢሞት ሥራው ይቀጥላል፤ ሌላው ሳይተካ ሁለተኛው ከሞተ ሁሉም ይቆማል።

እኛ ስንደርስ አንደኛው ዲስክ ከሞተ ወራት አልፈዋል። ሰርቨሩ በጊዜው ጮኾ ነበር፤ ጩኸቱ ሥራ ስላወከ ግን አንድ ሰው ቁልፍ ተጭኖ ዝም አሰኝቶታል። ከዚያ ወዲያ ፋይሉ ሁሉ እንደ ወትሮው ይከፈት ስለ ነበር ነገሩ ተረሳ። የሬይድ ደግነቱም ክፋቱም ይኸው ነው፤ ጉድለቱን ራሱ ስለሚሸፍን ባለ ጉዳዩ ሕመሙ አይሰማውም።

ይህን ባየን ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለን። በክፍል የተማርነውን የምናሳይበት ቀን መጣ አልን። በማሳያው ላይ ዲስክ 2 መውደቁን አነበብን፤ ከሰርቨሩ ፊት የተለጠፉትን ቁጥሮች አይተን 2 የሚለውን ያዝን። የመዝገብ ቤቱ ሹም፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ ከበስተኋላችን ቆመው ነበርና፣

«ልጆቼ፣ ቢጫ መብራት የሚያበራው እኮ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ነው» አሉን።

«ግድ የለም ጋሼ፣ ኮምፒዩተሩ ራሱ ነግሮናል» አልናቸውና ነቀልነው። ወዲያው በየጠረጴዛው ሥራ ቆመ።

ስሕተቱ ይህ ነበር፤ ያ ሰርቨር በማሳያው ላይ ዲስኮቹን የሚቆጥረው ከ0 ጀምሮ ነው፤ ከፊቱ የተለጠፈው ቁጥር ግን የሚጀምረው ከ1 ነው። ስለዚህ ማሳያው 2 ያለው በተለጠፈው ቁጥር 3ኛውን ነበር። እኛ ሕያውን ነቅለን የሞተውን በቦታው ተውነው። ሹሙ አልተቆጡንም። «ትናንት የገባው የጽጽቃ ዝርዝርስ?» ብለው ብቻ ጠየቁን። የምንመልስላቸው አልነበረንም። ግልባጭ የት እንዳለ ስንጠይቃቸው ደግሞ እርሳቸው በተራቸው ዝም አሉ፤ ሁሉም ሰው ሬይድ አለ ብሎ ግልባጭ መያዙን ትቶት ኖሯል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ፈተና ከፊተኛው የባሰ ነው። በማሳያው ላይ «አዲስ ፍጠር»፣ «አስጀምር» የሚሉ ትእዛዞች ተደርድረዋል፤ ከመካከላችን አንዱም ሊጫን እጁን ዘርግቶ ነበር። ቢጫነው ኖሮ በዲስኮቹ ላይ አዲስ ነገር ይጻፍና መዝገቡ በእውነት ሊጠፋ ይችል ነበር። ወደ አንድ መምህራችን ደወልን። የመጀመሪያ ቃላቸው «እጃችሁን አንሡ» የሚል ነበር። ከዚያም ሰርቨሩን በሥርዓቱ እንድናጠፋ፣ የእያንዳንዱን ዲስክ መለያ ቁጥር ከነቦታው በወረቀት እንድንጽፍ፣ የነቀልነውንም በዚያው በነበረበት ቦታ እንድንመልስ አዘዙን። ሰርቨሩ እንደገና ሲነሣ የተመለሰውን ዲስክ እንደ እንግዳ ቆጠረው፤ በመምህራችን ምክር የቀድሞውን አደረጃጀት እንዲቀበል አዘዝነው። ዲስኩ ከተነቀለ ወዲህ በሌሎቹ ላይ ምንም አልተጻፈም ነበርና መዝገቡ ተከፈተ። ሹሙ የጽጽቃን ዝርዝር አይተው ተቀመጡ።

«እንግዲህ አዲሱን ዲስክ እናስገባ?» ብለን መምህራችንን ጠየቅን። «የለም፤ በፊት ግልባጭ» አሉን።

ምክንያቱን ያስረዱን በቁጥር ነው። አዲስ ዲስክ ሲገባ የጎደለውን ለመሙላት የቀሩት ሦስቱ ከዳር እስከ ዳር መነበብ አለባቸው፤ ይህም 12 ቴራባይት፣ ማለትም 96 ትሪሊዮን ቢት ነው። ፋብሪካዎች ለብዙ ተራ ዲስኮች የሚሰጡት ዋስትና ደግሞ በ100 ትሪሊዮን ቢት ንባብ ውስጥ አንድ የማይነበብ ቦታ ሊገኝ እንደሚችል ይፈቅዳል። በተግባር ብዙዎቹ ከዚህ የተሻሉ ናቸው፤ ነገር ግን አራቱም ዲስኮች በአንድ ቀን ተገዝተው፣ በአንድ ክፍል አቧራና በአንድ መብራት መቆራረጥ ያረጁ ናቸውና አንዱ ሲሞት ሌላውን መጠርጠር ይገባል።

ያን ሌሊት መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋብን፤ በጄኔሬተር እየታገዝን መዝገቡን በሁለት ውጫዊ ዲስኮች ገለበጥነው። በማግሥቱ ከዕቃ ግምጃ ቤት ከነካርቶኑ ተቀምጦ የኖረ አዲስ ዲስክ ወጣልን፤ ያን ሁሉ ወር ከሞተው ጥቂት እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ነበር። በሦስተኛው ቦታ አስገባነው። መሙላቱ ከግማሽ ካለፈ በኋላ ከቀሩት አንዱ የማይነበብ ቦታ ገጠመውና ሥራው ተቋረጠ። ግልባጩ ባይኖር ምን ይሆን እንደ ነበር ማሰብ ያስጨንቃል። ጤነኞቹን ሦስት ዲስኮች ይዘን ስብስቡን እንደ አዲስ አቋቋምነውና መዝገቡን ከግልባጩ መለስነው።

ዲስክ ከመሞቱ በፊት ምልክት ይሰጣል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። በ2007 እ.ኤ.አ. የጎግል ተመራማሪዎች ከ100,000 በላይ በሆኑ ዲስኮች ላይ ያደረጉትን ጥናት አውጥተዋል። በዚያ ጥናት መሠረት በፍተሻ የመጀመሪያ ስሕተት የታየበት ዲስክ በሚቀጥሉት 60 ቀኖች ውስጥ የመሞት ዕድሉ፣ ስሕተት ካልታየበት 39 ጊዜ ይበልጣል። በሌላ በኩል ከሞቱት ከግማሽ የሚበልጡት ዲስኮች ከአራቱ ዋና ዋና ምልክቶች አንዱንም አላሳዩም። ስለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል፤ ምልክቱን በየሳምንቱ መመልከት፣ ምልክት የለም ብሎም አለመተኛት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ሬይድ ግልባጭ አይደለም። አንድ ሠራተኛ በስሕተት ስም ቢሰርዝ ስሙ ከስብስቡ ይሰረዛል፤ ሌባ ሰርቨሩን ቢወስድ ወይም እሳት ክፍሉን ቢበላ አራቱም አብረው ይሄዳሉ። ይህ ለአገራችን አዲስ ትምህርት አይደለም። በ1973 እ.ኤ.አ. የብራና መጻሕፍቶቻችንን በማይክሮፊልም ማንሣት ሲጀመር፣ ፊልሙ በአዲስ አበባና በአሜሪካ በሚኒሶታ እንዲቀመጥ የተደረገው አንድ ቦታ ለብቻው ስለማይታመን ነው። ግልባጭ የሚባለው በሌላ ስፍራ የተቀመጠና ተከፍቶ የተነበበ ነው።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፤ ነገ እናንተም ወደ እንዲህ ያለ ክፍል ትገባላችሁ። የሚጮኸውን ዝም ከማሰኘታችሁ በፊት ለምን እንደሚጮኽ ጠይቁ። ዲስክ ከመንቀላችሁ በፊት መለያ ቁጥሩን አመሳክሩ፣ ግልባጭም ያዙ። ከሁሉ አስቀድሞ በዚያ ክፍል ውስጥ የኖረውን ሰው ስሙ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ እኛ አፍሰን ለቀምን፤ መልቀም የቻልነውም በመምህራችን ምክር ነው።

ከሰቆጣ ልንነሣ ስንል ሹሙ በቀይ እስክሪብቶ 0፣ 1፣ 2፣ 3 ብለው በወረቀት ጽፈው ከየዲስኩ በላይ ለጥፈውት አገኘን። ከአንዱ ውጫዊ ዲስክ ጋር የሚሄድ መሸኛ ደብዳቤም አዘጋጅተው ነበር፤ ዲስኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሌላ ሕንፃ ውስጥ ተቆልፎበት እንዲቀመጥ ነው። «አሁን ማንም ቢመጣ አይሳሳትም» አሉን። ማንም ያሉት እኛን መሆኑን አውቀን አመሰገንናቸው።